ከአራቱም አቅጣጫ

ጠዋት ከአዳራሹ ዓምድ ላይ የመፍረስ ምልክት የሆነው ቀይ ኤክስ በቤንዚን ተፍቆ ሲጠፋ ቆማ አየች። ጣሊያን ከወጣ በኋላ የተሠራው፣ ጣሪያው እንደ ወፍ ክንፍ የተዘረጋው የማዘጋጃ ቤት አዳራሽ ሊፈርስ ተወስኖበት ነበር። ያዳነው የእሷ የቅርስ ጥናት ነው።

የመሥሪያ ቤቷ ኃላፊ እጇን እንደ ጨበጡ ቆዩ። «'ሕንፃው ከአራቱም አቅጣጫ መታየት አለበት' ብለሽ የጻፍሽው ልባችንን ነካው። ሰዎቻችን ዛሬውኑ ሥራ ጀምረዋል» አሏት። የምን ሥራ እንደሆነ ልትጠይቃቸው ስትል መኪናቸው ውስጥ ገቡ።

ያደገችው እዚያው ከአዳራሹ ጀርባ ነው፤ የመጀመሪያው ግቢ የእናቷ ነው። ወደዚያ ስትታጠፍ ሰፈሩ ጭር ብሏል። ባለሱቁ ጋሽ ድንበሩ ሰላምታዋን ሳይመልሱ ወደ ውስጥ ገቡ። በልጅነቷ አዝለው ያሳደጓት እትዬ የሺመቤት እንኳ «ይሁን፣ አንቺም!» ብለው ፊታቸውን አዞሩባት።

ዓይኗ ከጠፋ ዓመታት ያለፉት እናቷ ደጃፉ ላይ ፈገግ ብላ ተቀምጣለች።

«መጣሽ ልጄ? የመሥሪያ ቤትሽ ልጆች መጥተው ነበር እኮ! 'ሁሉም የሆነው በልጅዎ ጥናት ነው' ሲሉኝ እንዴት እንደ ኮራሁ! ሻይ አፍልቼ አጠጣኋቸው። በራችንን ቀለም ቀቡልን፤ ከሰፈሩ ሁሉ ከእኛ ጀመሩ።»

እናቷ እጇን ወደ ቆርቆሮው በር ዘረጋች። እርጥቡን ኤክስ ዳበሰችው፤ ጣቶቿ ቀልተው ተመለሱ።

«ገና አልደረቀም» አለች። «ምን ቀለም ነው ልጄ? ያምራል?»