የቀለጣ ወንዝ የመንገደኞች መምሪያ

ቱፋ ጅብ አይፈራም፤ የቀለጣን ሙላት አይፈራም። ወረቀት ግን ይፈራል። ምክንያትም ነበረው። ከወንዙ ማዶ ወደሚኖሩ ዘመዶቹ አንድ ቀን ገመድ የያዙ ሰዎች መጡ። ለኩ፣ ጻፉ፣ እርጎ ጠጥተው መርቀው ሄዱ። በዓመቱ መሬቱ የሌላ ሰው ሆነና ዘመዶቹ በገዛ አባታቸው እርሻ ላይ ጭሰኛ ሆኑ። እባብ ያየ በልጥ በረየ ነው፤ ቱፋም ከዚያ ወዲህ እርሳስ የያዘ ሰው ባየ ቁጥር ዓይኑን አይነቅልም።

በጥቅምት 1951 ዓ.ም. አቶ መርሻ የሚባሉ የካርታ ሠራተኛ ከአዲስ አበባ አሰላ መጥተው ወንዙን የሚያውቅ መሪ ፈለጉ። ቱፋ ከሁሉ ቀድሞ "እኔ አለሁ" አለ። ሥራው ናፍቆት አይደለም። የሚኖርበት የቡርቃ ሸለቆ ያለው እዚያው ወንዝ ላይ ነው፤ ከእሱ ጋር ሃያ ሁለት አባወራ ይኖርበታል። ሰውየውን ሌላ ከሚመራቸው እሱ ቢመራቸው ይሻላል።

"ምንድነው የሚሠሩት ጌታዬ?" አለ በመጀመሪያው ቀን።

"ካርታና መጽሐፍ። ወንዝና ዱር ማየት ለሚወድ መንገደኛ መምሪያ የሚሆን።"

ቱፋ ራሱን ነቀነቀ። ዱር ለማየት መጽሐፍ የሚገዛ ጅል የት አገር እንዳለ ግን አልገባውም።

በበቅሎ ወረዱ። አቶ መርሻ ሃምሳ ያለፋቸው፣ ቀጭን፣ ጨዋታ የማይወዱ ሰው ነበሩ። ፏፏቴ ሲያሳያቸው አንዴ አይተው ያልፋሉ። ጎጆ ሲያዩ ግን ከበቅሎ ይወርዳሉ።

"የማን ቤት ነው?"

"የሁሴኖ።"

"ከመቼ ጀምሮ ነው እዚህ ያለው? አባቱ የት ተቀበረ?"

ሁሉንም ይጽፋሉ። ጎጆዋንም በካርታው ላይ ትንሽ አድርገው ይስሏታል።

"የሁሴኖ አባት መቃብር ለመንገደኛ ምን ያደርግለታል?" አለ ቱፋ።

አቶ መርሻ እርሳሳቸውን እየቀረጹ፣ "መንገደኛ ውሃ ሲጠማው ማንን ብሎ ይጣራ?" አሉ።

ከመቃብር ውሃ ይቀዳል እንዴ? ጠርጥር፣ ከገንፎም ውስጥ አለ ስንጥር። ቱፋ በቅሎውን ጎተተ።

በማግስቱ ግማሽ ቀን ያህል ከተጓዙ በኋላ፣ አቶ መርሻ ከአንድ ጉብታ ላይ በመነጽር ወደ ኋላ ሲያዩ ከቀርከሃው ጀርባ አንዲት ጎጆ አልፈው እንደመጡ አወቁ። የከዲጃ ነበረች፤ መበለት ናት፣ ያላት አንዲት ላም ብቻ።

"እንመለስ" አሉ።

"ለዚች ጎጆ ብለን?"

"ለዚች ጎጆ ብለን።"

ያንን ሁሉ መንገድ በፀሐይ ተመለሱ። የከዲጃን ስም፣ የባሏን መቃብር፣ ላሟን ሳይቀር ጻፉ። ቱፋ ደሙ ፈላ። ምስኪኗን እንኳ የማይምር ሰው ለቡርቃ ሊራራ ነው?

ሲሬ ገበያ ሲደርሱ የቡርቃውን ሽማግሌ ሀሰኖን አገኘና ወደ ጥግ ሳበው።

"ሰውየው ቤት ለቃሚ ነው አባ ሀሰኖ። ከነገ ወዲያ በማዶው ጫፍ አሳልፈዋለሁ። ጎጆዎቹን ዛፉ ይጋርዳቸዋል፤ የሚያጋልጠን ጭስና ከብት ነው። እሳት አጥፉ፣ ከብቱን ወደ ጫካ ንዱ፣ ውሾቹን እሰሩ።"

"እሳት ሁሉ? ትናንሽ ልጆች አሉኮ ልጄ።"

"ሁሉም። ለአንድ ቀን ቀዝቃዛ ብንበላ አንሞትም።"

በተባለው ቀን ረፋድ ላይ ከቡርቃ ማዶ ገደል አፋፍ ቆሙ። ታች ጸጥ ብሏል። ሚስቱ ሀሊሜ ከተዳረች ጀምሮ ጠፍቶ የማያውቀው ምድጃ ጠፍቷል። አንድ ውሻ እንኳ አልጮኸም።

"ታች ሰው አለ?" አሉ አቶ መርሻ።

"የለም ጌታዬ። ዝንጀሮና ጅብ ነው።"

መነጽራቸውን አንስተው ብዙ አዩ። ጎጆ ያጡ ሳይሆን እህል ያጡ ይመስሉ ነበር።

"ደህና አድርገህ አስብ ቱፋ። አንድም ቤት የለም? የፈረሰም ቢሆን?"

"የለም አልኩ።"

"የድሮ መቃብርስ?"

አባቱና አያቱ ያሉት እዚያው ታች ሾላው ሥር ነው። አባቱን መካድ እንዲህ ይከብዳል ብሎ አላሰበም።

"መቃብርም የለም።"

አቶ መርሻ ዓይን ዓይኑን አዩት። "ደብቀኸኝ ከሆነ ኋላ የምትጸጸተው አንተ ነህ" አሉ።

በለው! ጭራሽ ያስፈራራሉ! ቱፋ በውስጡ ሳቀ። ወረቀቱን በስርቆት ሲያይ ወንዙ ተስሏል፣ ገደሉ ተስሏል፤ የቡርቃ ቦታ ግን ነጭ ሆኖ ቀርቷል።

እንግዳውን አሰላ አድርሶ ሲመለስ ቡርቃ በግ አርዶ ተቀበለው። ሃያ ሁለቱም አባወራ እየተነሱ መረቁት።

"እነሁሴኖስ? ከዲጃስ?" አለች ሀሊሜ።

"እነሱን አላህ ይርዳቸው" አለ። ስጋው ግን አልጣፈጠውም።

በሚያዝያ ከአሰላ ተጠራ። ውሸቴ ታወቀ ብሎ እየሰጋ ሄደ። አስናቀ የሚባለው ጸሐፊ ግን ፈገግ ብሎ ወንበር ሰጠው። ጠረጴዛው ላይ የታተመው ካርታ ተዘርግቷል።

"ቱፋ፣ በቀለጣ ዳር ለአንድ ትልቅ ሰው መሬት ተሰጥቷል። መንገዱን የምታውቀው አንተ ነህ ተብሏልና ይዘሃቸው ትወርዳለህ።"

የፈራው ደረሰ። የመበለቲቱ ላም ዓይኑ ላይ መጣችበት።

"የሁሴኖ ነው? ወይስ የከዲጃ?" አለ።

"ኧረ እነሱ አይነኩም፤ ቤትና መቃብር የተጻፈበት እንዳይነካ አቶ መርሻ ከበላይ አስፈርመዋል" አለና አስናቀ ጣቱን ነጩ ቦታ ላይ አሳረፈ፤ "የተሰጠው ይኼ ሰው የሌለበት ነው።"