ውኃ የሚለው ቁልፍ

"ውኃ!" አለ ኮምፒውተሩ።

ሚስት ከወጥ ቤት በብርጭቆ ቀድታ ሮጠች… ወደ ባሏ ከንፈር አስጠጋች።

ባል ከንፈሩን ገጠመ።

"አልጠማህም?"

ዓይኑን ተከለባት።

ብርጭቆውን አስቀምጣ ተመለሰች። ቧንቧውን ከመክፈቷ…

"ውኃ!"

"አንተ ሰውዬ፣ ካልጠጣህ ለምን ትጠራኛለህ? እኔም እኮ ሰው ነኝ፤ እግሬ አለቀ!"

ወዲያው ቆጫት። ግን ካፏ ወጥቷል።

ባል የሚመልስበት አንደበት አልነበረውም። ከመላ ሰውነቱ የሚታዘዝለት አንድ ጣት ብቻ ነው። ስክሪኑ ላይ ስምንት ትልልቅ ቁልፎች አሉ፤ ብርሃን ከአንዱ ወደ አንዱ ይዘላል። ብርሃኑ የፈለገው ቃል ላይ ሲደርስ በጣቱ ይጫናል… ኮምፒውተሩ ይናገርለታል።

የሚናገረው በሚስቱ ድምፅ ነው።

ነገሩ የጀመረው ከዓመት በፊት ነው…

ባል ድረ ገጽ ሠሪ ነበር። የሆቴሉን፣ የትምህርት ቤቱን፣ የጫማ ሻጩን ገጽ ሲሠራ የኖረ ሰው። አንድ ቀን "መናገር ለማይችል ደንበኛ ፕሮግራም ልሠራ ነው" አለ።

ሁሉም "ቀጮ" የሚሉት የሥራ ባልደረባው ሳቀበት።

"ወንድሜ፣ አንተ የድረ ገጽ ሰው ነህ። ኮምፒውተር ላይ የሚጫን ፕሮግራም ሌላ ሙያ ነው። አርፈህ ገጽህን ሥራ!"

"ቁልፉ ያው ቁልፍ፣ ቀለሙም ያው ቀለም ነው። የማውቀውን ገጽ ሠርቼ፣ ገጹን የሚከፍተውን ብራውዘር አብሬ ጠቅልዬ እጭነዋለሁ። በቃ፣ ፕሮግራም ሆነ።"

"ታዲያ ለምን እንደወትሮህ ድረ ገጽ አታደርገውም?"

"ሰውየው ውኃ ሲጠማው ኔትወርክ እስኪመጣ ይጠብቅ?"

ቀጮ ራሱን ነቅንቆ ወደ ሥራው ዞረ።

አንድ ጠዋት ሚስት ወደምትሠራበት መዝገብ ቤት ለመሄድ ስትጣደፍ፣ ባል ማይክሮፎን ይዞ በሩ ላይ ቆመ።

"እመቤቴ፣ አንድ ደቂቃ። መናገር የማይችል ሰው ምን ምን ማለት ይፈልጋል?"

"አሁን?… እ… ውኃ። ራበኝ። አመመኝ። አገላብጡኝ። መብራት። መስኮት። ሽንት ቤት። በቃኝ።" አንዱን ጫማ አጥልቃ ሌላውን አልጋ ሥር እየፈለገች ነው።

"ሌላስ?"

"ከጠጣ፣ ከበላ፣ ካላመመው ሌላ ምን ይፈልጋል? አረፈድኩ እኮ!"

"እሺ፣ በአንቺ ድምፅ ልቅረጻቸው። የኔ ድምፅ ዘይት ያጣ በር ነው።"

"ውኃ" ስትል ምላሱን ጎልጉሎ እንደጠማው ውሻ አለከለከ… ሳቋ አመለጣት።

"ቁረጠው ይሄን! ደንበኛህ ምን ይለኛል?"

"እቆርጠዋለሁ፣ እቆርጠዋለሁ…"

የቀሩትን ሰባቱን በጥድፊያ ተናግራ ወጣች።

ከወራት በኋላ እግሩ ከዳው። ቀጥሎ እጁ። ቀጥሎ ምላሱ።

ሐኪሙ ካርዱን ገልጦ "ባለፈው ዓመት ነግሬው ነበር… አልነገረሽም እንዴ?" አላት።

ደንበኛ የሚባል ሰው አልነበረም።

ደንበኛው ራሱ ነበር…

ጫማ እየፈለገች የወረወረቻቸው ስምንት ቃላት፣ ባሏ በዚህ ዓለም የቀረው ንግግር ሁሉ ሆኑ።

"ቀጮን ጠርቼ ቃል አስጨምርለታለሁ" ትላለች። ነገ ትላለች። ነገ ደግሞ ሐኪም ቤት ነው። ከነገ ወዲያ አንሶላ ማጠብ ነው።

ቀን ቀን እህቱ ትጠብቀዋለች። እህቱ ልጆቿን ከትምህርት ቤት ለመቀበል አስር ሰዓት ላይ ትወጣለች፤ ሚስት ከሥራ አስራ አንድ ሰዓት ላይ ትደርሳለች። መሃል ያለችውን አንድ ሰዓት ብቻውን ነው። ሌላ መላ አልነበራቸውም።

አንድ ማለዳ ጣቱም ቆመ፤ እስትንፋሱም አብሮ።

ከሁለት ወር በኋላ ቀጮ ሊጠይቃት መጣ። ባል ይናገርበት የነበረውን ላፕቶፕ ከፍቶ ውስጡን በረበረ…

"እህቴ፣ ይሄን አይተሽዋል?"

ድረ ገጽ የሚሠራ ሰው ልማድ አለው። የትኛው ቁልፍ ስንት ጊዜ፣ በስንት ሰዓት እንደተነካ ይመዘግባል። ባል ያንን ልማዱን ፕሮግራሙም ውስጥ አስገብቶት ኖሯል።

"ራበኝ"… በቀን ሁለቴ፣ ሦስቴ።

"አመመኝ"… መጀመሪያ አልፎ አልፎ፣ በመጨረሻዎቹ ሳምንታት በየሰዓቱ።

"ውኃ"… በቀን ከሰባ በላይ!

"ይህን ያህል ይጠማው ነበር?" አለች ሚስት።

"ሰዓቱን ተመልከቺ።"

አብዛኛው ከአስር እስከ አስራ አንድ ነው። ቤት ውስጥ ማንም በሌለበት… ውኃ የሚያቀብለው ሰው በሌለበት ሰዓት።

"ታዲያ ማንን ነበር የሚጠራው?"

ቀጮ ቁልፉን ተጫነ።

"ውኃ!"

ሚስት ከልማድ ብድግ አለች።

"ተቀመጪ እህቴ… እስከ መጨረሻው ስሚው።"

ተቀመጠች። እስከ መጨረሻው ስትሰማው የመጀመሪያዋ ነው። ሁሌም ቃሉን እንደሰማች ተነስታ ትሮጣለች፤ የቀረውን ቧንቧው ይውጠዋል።

ከቃሉ በኋላ ትንሽ ዝምታ…

ከዚያ ሳቅ።

የእሷ ሳቅ። የዚያን ጠዋት፣ በአንድ እግር ጫማ ቆማ የሳቀችው።

አልቆረጠውም ነበር።

ሐኪሙ ካርዱን ከገለጠ ወዲህ እዚያ ቤት የሳቀ ሰው የለም። ለባል የቀረው ሳቅ ያ ብቻ ነበር። እሷ ቤት ካለች ደግሞ በሰማው ቁጥር ፊቷን አጥቁራ፣ ብርጭቆ ይዛ ከች ትላለች…

አሁን ብትስቅለት የሚሰማት የለም። "ልሳቅ" ብትልም አይመጣላትም። ቁልፉን ትጫናለች፣ ትሰማለች፣ መልሳ ትጫናለች።

የታመመ ሰው ቤታችሁ ካለ አጥባችሁ፣ አብልታችሁ፣ መድኃኒት ሰጥታችሁ ብቻ አትውጡ። ፊታችሁን ፈታ አድርጉለት። "ሥራዬን ስጨርስ አጫውተዋለሁ" አትበሉ… ያ ሥራ የሚያልቀው ሰውየው ሲያልቅ ነው።

እናንተስ? ዛሬ ጠዋት ከቤት ስትወጡ የተናገራችሁት ብቻ ተቀርጾ ቢቀር፣ ቤት ያለው ሰው ደጋግሞ የሚጫነው ይመስላችኋል?… ምን ብላችሁ ነበር የወጣችሁት? እውነቱን ኮሜንት ላይ ጻፉት።