የሚዜው ገመድ

ጸሐይ ከል እንደለበሰች የቶሮንቶ ክረምት አልፎ ግንቦት ገባ። እንባዋ ደርቋል። የቀራት አንድ ጥያቄ ብቻ ነበር፤ ባሏን የበላው ባሕር ነው ወይስ ባልቻ?

ባሏ ተክለ ማርያምና ባልቻ ምፅዋ ላይ በአንድ መርከብ ያገለገሉ የባሕር ኃይል ሰዎች ነበሩ። መንግሥት ሲወድቅ አንዱ በየመን፣ ሌላው በጅቡቲ ወጣ። ከስንት ዓመት በኋላ ቶሮንቶ፣ ብሉር ጎዳና ላይ፣ በርበሬ ሊገዙ በገቡበት ሱቅ ድንገት ተገናኙ። ተቃቅፈው ሲላቀሱ ባለሱቁ ሰው የሞተባቸው መስሎት «ነፍስ ይማር» አላቸው።

ባልቻ የተክለ ማርያምና የጸሐይ ሰርግ ሚዜ ሆነ። ከዚያ ወዲህ በስሟ ጠርቷት አያውቅም፤ ሙሽሪት ነው የሚላት። ሁለቱ ጓደኛሞች ኢቶቢኮ ሰፈር መጋዘን ውስጥ ሠርተው ባጠራቀሙት አንዲት አሮጌ ባለሸራ ጀልባ ገዙ። በየዓመቱ ወደ ሞቃቶቹ ደሴቶች ይወርዳሉ። መንገድ ላይ የተዋወቋቸው ባሕርተኞች በየግንቦቱ ቶሮንቶ ወደብ ላይ ተሰብስበው ይገናኛሉ፤ እስከዚያው ግን ሁሉም ካሉበት ሆነው፣ ረፋድ ላይ በየጀልባቸው ራዲዮ «አለህ?» «አለሁ» የመባባል ልማድ አላቸው።

ባለፈው መስከረም ባልቻ ብቻውን ተመለሰ። በማለዳ የቤተ ክርስቲያን ሰዎችን አስከትሎ መርዶውን ነገራት።

«ሌሊት ማዕበል ጠረገው። ገመድ ወረወርኩ፤ አልደረሰለትም» አለ።

ጸሐይ አመነች፤ የባሏን ዕቃ እስክትለቅም ድረስ። ጀልባው ውስጥ ቱታው አለ፤ ብርድ ልብሱ አለ። የክት ጫማውና የንባብ መነጽሩ ግን የሉም። ማዕበል የክት ጫማ መርጦ ይወስዳል? ደም ነክቶት ነው ባልቻ የጣለው፣ አለች በሆዷ።

ከዚያ በኋላ ሁሉም ነገር ወደ ባልቻ ይጠቁማት ጀመር። በአርባው፣ ቄሱ ፍትሐት ሊያደርሱ የሟቹን ስም ሲጠሩ፣ ፊቱ አመድ መስሎ ወጥቶ ሄደ። ጀልባው ለክረምት የብስ ላይ ቆሞ እንኳ በየረፋዱ በረዶውን እየረገጠ ይመጣል፤ ይገባል፤ በሩን ይዘጋል። ምኑን ነው እንዲህ የሚያጥበው?

ደግሞ ባገኛት ቁጥር «ሙሽሪት፣ ይሄን ከል አውልቂው፤ በቃሽ። ገና ልጅ ነሽ፤ ሰው ታገቢያለሽ» ይላታል። ሚዜ ተብዬው! ለካ ዓይኑ እሷ ላይ ኖሯል። ለፖሊስ አልተናገረችም፤ ሬሳ የለ፣ ምስክር የለ። ሆድ ይፍጀው ብላ ጀልባው ወደ ውኃ የሚመለስበትን ግንቦትን ጠበቀች።

የመገናኛው ዕለት፣ እንግዶቹ ሳይመጡ፣ «ውኃው ላይ አበባ እናኑርለት» አለችው። ባልቻ ዓይኑን ሰበር አደረገ።

«እሺ። ግን ሳይረፍድ እንመለስ፤ ሥራ አለኝ።»

የነበረውን አንድ የመንሳፈፊያ ሰደርያ ለእሷ አለበሳት። «ዌዘሩን ልስማ» ብሎ ራዲዮውን ከፈተና መሪውን ያዘ።

ከወደቡ ርቀው ሲሄዱ ነፋሱ በረታ። ባልቻ አበባውን ሊያኖር ጎንበስ አለ። ሞገድ ጀልባዋን ከጎን መታት፤ ሰውየው ተገልብጦ ውኃው ውስጥ ገባ።

የግንቦት ሐይቅ ገና በረዶ ነው። ባልቻ ትንፋሹ እየተቆረጠ ጮኸ።

«ሙሽሪት! ገመዱን! ገመዱን!»

ገመዱ እጇ ላይ ነበር። አወራወሩን ያስተማራትም እሱ ነው።

«አንተስ ለተክለ ማርያም ወርውረህለታል?» አለችው።

ባልቻ አፉን ከፍቶ የሆነ ነገር ተናገረ፤ ነፋስ ወሰደው። እንደገና ሞከረ፤ አፉ ውኃ ሞላ። በመጨረሻ «ጸሐይ!» አለ፤ ከሰርጓ ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ በስሟ። ጸሐይ ገመዱን ቀስ ብላ ጠቅልላ እግሯ ሥር አስቀመጠችው። ጭንቅላቱ አንዴ ብቅ፣ አንዴ ጥልቅ አለ። ከዚያ ውኃው ላይ አበባው ብቻ ቀረ።

ተቀመጠች። ደረቷ ላይ የከረመው ድንጋይ የተነሣ መሰላት፤ አፍ አውጥታም ባሏን «ደምህን መለስኩልህ» አለችው።

ረፈደ። ራዲዮው ተንኮሻኮሸ።

«ባልቻ፣ ባልቻ... ተክለ ማርያም ነኝ። ዛሬ ምነው ዘገየህ? ጸሐይ ከሏን አወለቀች?»