የናርዶስ ጥርስ

ይኸውላችሁ፣ እማዋይሽ ልጇን ናርዶስን የምታገኛት በዓመት አንድ ቀን ብቻ ነው፣ የእንቁጣጣሽ ዕለት። ለደም በሽታዋ መድኃኒት እስኪገኝ ድረስ ሆስፒታሉ ዓመቱን ሙሉ በማያስነቃ እንቅልፍ አስተኝቷታል፤ የሚቀሰቅሷት በዚያች ቀን ብቻ ነው። እዚያ የተኛ ልጅ በሽታው አይብስበትም፤ ግን አያድግም። ይኸው ስምንት ዓመት! እናትየው ሸበተች፣ ናርዶስ አሁንም ስድስት ዓመቷ ነው።

«እማ፣ ጸጉርሽን ምን ነካው? ዱቄት ውስጥ ገባሽ እንዴ?» አለች ናርዶስ ገና ከመንቃቷ።

«አንቺ ተረበኛ! ነይ ብስኩትሽን ብዪ።»

ብስኩቱን ስትገምጥ፣ ስምንት ዓመት ሙሉ ሲነቃነቅ የኖረው የፊት ጥርሷ ውልቅ! በደስታ ጮኸች።

«ጣራ ላይ ወርውሪልኝ! ቁራዋን ‹አሮጌውን ወስደሽ አዲስ ስጪኝ› በያት። ስነቃ በቅሎ ይጠብቀኛል አይደል?»

እማዋይሽ በልቧ አሰላችው። ጥርስ ለመብቀል ሁለት ወር ቢፈልግ፣ በዓመት አንድ ቀን ብቻ ለምትነቃ ልጅ ስልሳ ዓመት ማለት ነው።

«እንዴታ የኔ ማር፣ ይበቅላል» አለቻት።

አመሻሽ ላይ ናርዶስን መልሰው አስተኟት። እማዋይሽ ቤቷ ደርሳ ብቻዋን ግቢው ውስጥ ቆመች።

«ቁራዬ፣ እኔ ስልሳ ዓመት የለኝም፤ እባክሽ ቶሎ በይ» ብላ ጥርሱን ወረወረችው።

ጥርሱ በቆርቆሮው ላይ ተንከባሎ እግሯ ስር ወደቀ። አንስታ ደግማ ወረወረችው።