ሽሮው ውስጥ የገባው ወተት

በዚያ ዘመን ስልሳ ዓመት የሞላው ሰው ሁሉ «ጠባቂ» የምትባል፣ የምስር ፍሬ የምታህል ነገር ይውጣል። ጠባቂዋ ጨጓራ ውስጥ ተቀምጣ ደም ሊፈስ ሲል አስቀድማ ትናገራለች። ሽማግሌ እንዳይደነግጥ ተብሎ ግን የምትናገረው ለዋጣት ሰው ሳይሆን ለልጁ ነው።

የወይዘሮ አጸደ ጠባቂ ለልጃቸው ለማኅደር የተናገረችው ዐቢይ ጾም በተጋመሰ ሰሞን ነበር። ደሙን የሚያስቀረው ዱቄት መድኃኒት የሚሠራው በወተት ሲበጠበጥ ብቻ ነው። እናቷ ደግሞ ጾም ገድፈው አያውቁም። ብትነግራቸው እምቢ ብለው የሚሞቱባት ስለመሰላት፣ መድኃኒቱን በወተት እየበጠበጠች በየቀኑ ሽሯቸው ውስጥ ትጨምረው ጀመር።

በሆሳዕና ዋዜማ ወይዘሮ አጸደ ድንገት ወጥ ቤት ገብተው ወተቱን ስትጨምር ደረሱባት።

«ምንድን ነው ይሄ?»

ማኅደር እያለቀሰች ሁሉንም ነገረቻቸው። እናቷ አልተቆጡም፤ በርጩማው ላይ ቀስ ብለው ተቀመጡ።

«እማዬ፣ እንዳላጣሽ ብዬ እኮ ነው።»

«ብትነግሪኝ ለንስሐ አባቴ እነግራቸው ነበር። ለታመመ ሰው ይፈቅዳሉ እኮ። ወተቱን በገዛ እጄ እጠጣው ነበር፣ ልጄ።»

ደሙ አልፈሰሰም፤ እናቷም ብዙ ዓመት ኖሩላት። ጾም በገባ ቁጥር ግን ትንሽ ድስት ለብቻቸው ይጥዳሉ። ማኅደር ሽሮ ስታቀርብላቸው «እግዜር ይስጥልኝ፣ በልቻለሁ» ይሏታል፣ ፊታቸው ሳይከፋ። እሷም ሳህኑን አንስታ ትወጣለች።