ጀርመን አገር የተነደፈው የሬዲዮ ልብስ

«ንድፉን ያወጣሁት እዚያው ጀርመን አገር እያለሁ ነው» አለ ቀለመወርቅ፣ የካኪ ኮቱን እየጎተተ...

ጠረጴዛው ላይ አንዲት ትንሽ ትራንዚስተር ሬዲዮ ቡናማ የቆዳ ልብስ ለብሳ ተቀምጣለች።

ዘመኑ የደርግ ነው። ቦታው ኮልፌ፣ የእጅ ባለሙያዎችን በማኅበር የሚያደራጅ አንድ የመንግሥት ቢሮ። ቀለመወርቅ የዚሁ ቢሮ ሠራተኛ ነው።

ያን ጊዜ ሬዲዮ ያለው ሰው ሬዲዮውን ከልጁ እኩል ነበር የሚያለብሰው። ወድቃ ከተሰበረች ሌላ ከየት ይመጣል?

ይቺ ልብስ ግን የተለየች ነበረች።

ሦስት ቦታ ትፈታለች... አቃፊው ለብቻ፣ ማንገቻው ለብቻ፣ ከሥር ያለችው የባትሪ ኪስ ለብቻ። አንዱ ሲያረጅ እሱን ብቻ መቀየር ነው።

የቢሮው ኃላፊ ጓድ ወዬሳ አገላብጠው አዩዋትና ጠየቁ።

«ይቺ ከሥር ያለችው ኪስ ለምንድን ነው የምትፈታው?»

ቀለመወርቅ ትንሽ አሰበ። «ለብርዱ ነው ጓድ... እዚያ በረዶ ስላለ የባትሪ ድንጋዩ እንዳይቀዘቅዝ ነጥሎ ደረት ኪስ ውስጥ ለመያዝ ነው።»

ወይ ጉድ...

የሬዲዮ ድንጋይ ሲደክም ፀሐይ ላይ አስጥቶ ዜናውን መጨረስ የማን ብልሃት እንደሆነ የኮልፌ ዶሮ እንኳን ያውቃል። ኪሷ የምትፈታው ከነድንጋዩ ፀሐይ ላይ እንድትሰጣ፣ በወስፌ የተበሳሳችውም ፀሐይ እንዲገባባት ነው። የኛ ጀርመናዊ ግን የሰፈሩን ፀሐይ ረስቶት መጣ።

«እሺ... ማያያዣው ለምን እንዲህ ሰፊ ቀለበት ሆነ?»

«ፋሽን ነው» አለላችሁ።

«የሰፋው ማን ነው?»

«እኔው ራሴ።»

አሁን እውነቱን ልንገራችሁ።

ልብሱን የሰፉት እናቱ፣ እማማ ወለተጻድቅ ናቸው። የሚኖሩት ዘነበወርቅ፣ የሥጋ ደዌ ሆስፒታሉ ያለበት ሰፈር ነው። በወጣትነታቸው የሥጋ ደዌ ይዟቸው ታክመው ድነዋል፤ ጣቶቻቸው ግን አብዛኞቹ የሉም። ወስፌውን በሁለት መዳፋቸው መሐል ይዘው ነው የሚሰፉት።

ቀለበቱ የሰፋው ጣት የሌለው ሰው በእጅ አንጓው ስቦ እንዲከፍተው ነው። ጎረቤቶቻቸው ብዙዎቹ እንደሳቸው ናቸውና።

ይህን ልጅ በዚያ እጅ አጉርሰው አሳደጉት። በዚያ እጅ ሰፍተው አስተማሩት።

እሱስ? ሥራ የያዘ ሰሞን መጥቶ ምን አላቸው መሰላችሁ...

«ቢሮ እንዳትመጪ። ሰው ከጠየቀሽም አታውቂኝም።»

እሺ አሉት። አንተ ብቻ ደህና ሁንልኝ ብለው መረቁት።

ሬዲዮዋን ከነልብሷ የሰጡት በአደራ ነበር። ቆዳ በኮታ ነው የሚታደለው። ቢሮው ናሙናውን ከወደደላቸው ለእሳቸውና ለጎረቤቶቻቸው ቆዳ ይፈቀዳል፣ ሰፍተው ያድራሉ... ቤተ ክርስቲያን ደጃፍ እጅ መዘርጋት ይቀርላቸዋል። የዘነበወርቅ ሴቶች ሥራ ነው በልልን ብለው ለምነውታል።

አደራውን በላ። ሹመት አማረውና የእናቱን ስፌት ለራሱ ስም ማሞቂያ አደረገው።

ጓድ ወዬሳ አልተቆጡም። ሬዲዮዋን አንስተው ላንድሮቨሯ ውስጥ ገቡና ተከተለኝ አሉት። መኪናዋ ወደ ዘነበወርቅ ስትታጠፍ የሰውዬው ፊት አመድ መሰለ።

እማማ ወለተጻድቅ ደጃቸው ላይ ቆዳ ጭናቸው ላይ ዘርግተው ይሰፋሉ። ልጃቸውን ሲያዩ ብድግ ሊሉ ቃጣቸው... ተመልሰው ተቀመጡ።

ጓድ ወዬሳ አጎንብሰው ሰላም አሏቸው። ከዚያ ወደ ቀለመወርቅ እያሳዩ ጠየቁ።

«እማማ፣ ይሄን ሰው ያውቁታል?»

እናት ልጃቸውን አዩት። እሱ የጫማውን ጫፍ ያያል።

እናቴ ናት ማለት ብቻ ነበር የሚጠበቅበት...

አላለም።

«እኚህን ጌታ አላውቃቸውም» አሉ እማማ ወለተጻድቅ።

የገዛ ልጃቸውን አንቱ አሉት... እንጀራው እንዳይጎድልበት።

ጓድ ወዬሳ ወደ ቀለመወርቅ ዞሩ።

«የሥጋ ደዌ ይዞት የነበረው ታላቅ ወንድሜ የሞተው እዚህ አጠገብ ነው። የእሱን ሬዲዮ ያለበሱለት እኚህ እናት ናቸው፤ በእጅ አንጓው ሲከፍታት አይቻለሁ። ልጃቸው አንተ እንደሆንክና እኔ ቢሮ እንደምትሠራ የነገረኝም እሱ ነው። ቢሮ ውስጥ ደጋግሜ የጠየቅኩህ ስለ ቆዳው አልነበረም። እናቴ ናት እንድትለኝ ነበር።»

ቆዳው ለዘነበወርቅ ሴቶች ተፈቀደ፣ በእማማ ወለተጻድቅ ስም።

ቀለመወርቅስ? ከሥራው አልተባረረም። ሊባረር ነበር... የለመኑለት እናቱ ናቸው።

«ባላውቃቸውም የሰው ልጅ ናቸው፤ እንጀራቸውን አይንኩባቸው» ብለው።

እሱ ዕድሜውን ሙሉ የበላው ያን እንጀራ ነው። እንዴት እንደወረደለት እኔ አላውቅም።

ወገኖቼ... ጣት የሌለው እጅ አያሳፍርም። የሚያሳፍረው ከዚያ እጅ ጎርሶ ያደገ አፍ እናቱ ፊት ሲዘጋ ነው።

እስቲ ፍረዱ... እማማ ወለተጻድቅ አላውቃቸውም ማለታቸው ልክ ነበር? ወይስ ያን ቀን ልጃቸውን በስሙ መጥራት ነበረባቸው?

ኮመንት ላይ ከመፍረዳችሁ በፊት ግን አንድ ነገር መልሱልኝ... የእናንተ እናት የምትሠሩበትን ቦታ አይታው ታውቃለች?