ማንም ወደሌለበት

ሴትየዋ ስለ ኳስ ብዙም አያውቁም፤ ምንተስኖት ሲጫወት ግን ዓይናቸውን አይነቅሉም። የሰፈሩ አስር ቁጥር ነው። ሌላው ኳስ ለመንጠቅ ሲራኮት እሱ ቆም ይላል፤ ከዚያ አንገቱን እንኳ ሳያዞር ማንም ወደሌለበት ይልካታል። ተመልካቹ "ምን ነካው?" ብሎ ሳይጨርስ፣ የቀኝ አጥቂው ከየት መጣ ሳይባል ደርሶ ያገባታል። ሁለቱ አብረው ነው ያደጉት፤ መተያየት አያስፈልጋቸውም።

ዛሬ ግን የላካት ኳስ በቀኝ በኩል ተንከባልላ ወጣች። ጥቂት ቆይቶ እዚያው ደገማት፤ አሁንም ወጣች። ምንተስኖት ባዶውን መስመር አየና ፊቱን በማሊያው ሸፈነ።

ሜዳው በፉጨት ተሞላ።

"ቀይሩት! ለማን ነው የሚያቀብለው?" አለ ከሌላ ሰፈር የመጣ ጎረምሳ፣ ከሴትየዋ ጎን ቆሞ።

"ተወው፣ ልጄ" አሉት። "እግሩ ለምዶ ነው።"

"ምኑን ነው የለመደው፣ እማማ? እዚያ እኮ ማንም የለም።"

"አውቃለሁ" አሉ፣ የተንሸራተተ ጥቁር ነጠላቸውን ወደ ትከሻቸው እየመለሱ። "የልጄን አርባ ትናንት አወጣን።"